ውሃው ላይ የወጣው መስመር

በደለኝ የላቦራቶሪው ዶክተር፣ እኔን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፣ ታላቅ እህቴንም ጭምር፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ የዕቃ እጥበቷ ነው ምርመራውን ያበላሸው ብሎ፣ ጣቱን እንኳ አልቀሰረም፣ በአገጩ ነው ያመለከተኝ፣ ባልዲ እንደሚያሳዩ።

እኔ፣ ምላሷ ያለ ሞረድ የተሳለ የምባለው፣ መወልወያዬን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ማሽኑ ወዲያ እምም ይላል፣ እንቅልፍ ያመጣል ድምፁ፣ ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ ያጠብኳቸው ብርጭቆዎች ላይ ይዋኛል፣ እኔም አብሬው፣ በሐሳቤ የእህቴ ማሳ ውስጥ ነኝ፣ ሰሊጡ እስከ ደረቴ፣ አበባው ነጭ፣ እዚህም እዚያም አንገቱን የደፋ፣ ውሃ ጠማኝ የሚል ግን ቢያጠጡትም የማይቀና፣ ፈንገስ የሚሉት በሽታ በሥር ገብቶ አገዳው ውስጥ ያለውን የውሃ መንገድ ይደፍናል ይላል እዚህ ያነበብኩት መጽሐፍ፣ ኧረ ዝናቡ በዝቶ ነው ትላለች እህቴ፣ ሁለቱም ሲያጠወልጉ አንድ ናቸው፣ ለዚህ ነው አሥራ ሁለት አገዳ ቆርጣ በወረቀት ጠቅልላ ያመጣችው፣ አንቺ እዚያ ስላለሽ በደንብ ያዩልኛል ብላ። በደንብ።

አሥራ ሁለቱም በሩ። ውጤቱ በሚታይበት ጨለማ ሳጥን ውስጥ አሥራ ሁለት መስመር፣ የሩቅ መንደር መብራት ይመስላል፣ በሽታ እንዲህ ያምራል እንዴ፣ መስመር የሚወጣው እኮ በሽታው ካለ ነው። አሥራ ሦስተኛው ቱቦ ውስጥ ግን ምንም የለም፣ ንጹህ ውሃ ነው፣ ለማመሳከሪያ የገባ፣ ጨለማ መሆን ነበረበት። እሱም በራ።

እሱ የእሷ እጥበት ነው አለ ዶክተሩ፣ የማሳው ውጤት ግን ልክ ነው፣ ይነቀል፣ ይቃጠል፣ የማቃጠያው ትእዛዝ ወረቀት አሁን ይፈረማል። አይ መማር።

ቱቦዎቹን እኮ እኔ አላጥባቸውም፣ ከታሸገ ከረጢት ወጥተው አንዴ ተሠርቶባቸው ይጣላሉ፣ ፊደል የለየሁት ከካርቶናቸው ላይ ነው፣ ከጣሉት መመሪያ ላይ፣ በምሳ ሰዓት በጣቴ እየተከተልኩ፣ ማሽኑ የፈንገሱን ቅንጣት ዘረመል ሚሊዮን ጊዜ ያባዛል ይላል፣ የተባዛበት ቱቦ ሲከፈት ይበናል፣ እንደ ዱቄት፣ እጅጌ ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ከንጹሁ ክፍል ወደ ማሽኑ ክፍል ይኬዳል እንጂ አይመለሱም፣ ሰማያዊ ጋውን በንጹሁ ክፍል፣ ነጭ ጋውን በማሽኑ ክፍል። እሱ ደግሞ መነጽሩን ይረሳል። ንጹሁ ክፍል ይረሳውና በነጩ ጋውን ይመለሳል፣ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ከገባሁ አይቀር ብሎ እዚያው አዲስ ሥራ ይጀምራል፣ እጅጌው ሙሉ ፈንገስ ይዞ፣ እኔን ግን በሩ ላይ ጫማሽን አውልቂ ይለኛል።

ውሃውን ያበራው ይሄ ከሆነ አሥራ ሁለቱንም ያበራው ይሄው ሊሆን ይችላል፣ ማሳው ታሞ እንደሆነ አላውቅም። እሱም አያውቅም። ጉዱ ይሄ ነው፣ ማንም አያውቅም፣ እና ባልታወቀ ነገር እህቴ ክረምቱን ሙሉ የጎበጠችበት ማሳ ሊነድ ነው፣ ብናገር ከሥራ ያስወጣኛል፣ ዝም ብል በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ፣ አበባው ዓይኔ ላይ ይረግፋል፣ ቀስ እያለ፣ ነጭ በነጭ ላይ፣ እስክሪብቶው ከኪሱ እየወጣ ነው፣ አፌ ቀደመኝ፣ ድምፄ ደግሞ ረጋ ያለ፣ በሽተኛ እንደሚያባብሉበት፣

ዶክተር፣ ውሃውም ጠውልጓል ካሉ ውሃውንም ይንቀሉት፣ አለዚያ ወረቀቱን ያቆዩና እንደገና ይሥሩት፣ ጋውንዎን ወዲህ ይስጡኝ፣ እኔ የማጥበው እሱን ነው።