ሠላሳ ሁለተኛው ፊርማ

ሙያ ማለት፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ዓይን ባየው፣ እጅ በዳሰሰው፣ ልቡናም በመረመረው ነገር ላይ የሚታነጽ ጽኑዕ ሕንጻ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ዘመን ግን መዓርግ ከምግባር ቀድሞ፣ ማኅተም ከማስተዋል በልጦ፣ ወረቀት የያዘ ሁሉ ሊቅ ነኝ ባይ፣ ሊቅ የሆነው ደግሞ የወረቀተኛ ደጅ ጠኚ ሆኖ መታየቱ እጅግ ያስቆጣል። ይህን ታሪክ የምጽፈው ማንንም ከማንም ለማስታረቅ አይደለም፤ ተቆጥቻለሁና እንደ ተቆጣሁ እጽፈዋለሁ። አንባቢዬም ከዚህ ዓይነቶቹ ፈራሚዎች አንዱ ቢሆን፣ ገና ከደጁ ይመለስ።

ሰሊጥ ከሚታረስበት ቆላ በላይ፣ ደጋ ላይ በተቀመጠች አንዲት ከተማ የሚገኝ፣ ስሙን የማልጠራው ዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪዎቹን ሁለተኛ ዓመት ሲፈጽሙ ከሦስት መንገድ አንዱን ያስመርጣቸዋል፤ አንዱ ምርምር፣ አንዱ የመድኃኒት ጥናት፣ ሦስተኛውና ብዙዎች የሚሻሙበት የሕክምና ላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በዚህ በሦስተኛው ሊገባ የሚሻ ሁሉ ስድሳ የሙያ ተግባራት የተዘረዘሩበትን መዝገብ፣ እያንዳንዱን ተግባር ቆሞ ባየ ባለሙያ አስፈርሞ ማቅረብ ግዴታው ነው። ሕጉ መልካም ነበር፤ ልማዱ ግን ሕጉን ዋጠው። ተማሪው ዓመቱን በዋዛ ፈዛዛ ያሳልፍና በመጨረሻው ሳምንት ሦስት እስክሪብቶ ይዞ ወደ ፈራሚው ይሄዳል፤ ፈራሚውም በአንድ ቁጭታ፣ ሰማያዊውን ለኅዳር፣ ጥቁሩን ለጥር፣ ደብዘዝ ያለውን ለመጋቢት እያደረገ፣ ያላየውን ሁሉ እንዳየ ሰው ይሞላዋል። ማፈርማ ቀርቶ፣ ቀለሙ የተለየ እስክሪብቶ መዋዋስ እንደ ወንድማማችነት ይቆጠር ነበር።

ትርሲት አያልነህ የምትባል ተማሪ ይህንኑ የላቦራቶሪ መንገድ ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘች፣ አባቷም ገና ሳትገባበት ለዕድርተኛው ሁሉ ገባች ብሎ ያወጀላት ነበረች። በዕጣ የደረሷት ፈራሚ ግን ጋሽ ምሕረቱ ሆኑ፤ ሠላሳ ዓመት በማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሱ፣ ቃላቸው አጭር፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ ዲግሪ የሌላቸው አዛውንት ባለሙያ። ደም ለወባ የሚመረምር ተማሪ በስላይዱ ላይ ሁለት መቶ የዕይታ ክበብ ሳይጨርስ «ወባ የለም» እንዳይል፣ በግራው በኩል ሃያ ሽምብራ የያዘ ኩባያ ያስቀምጡለታል፤ ዐሥር ክበብ ባየ ቁጥር አንዲት ሽምብራ ወደ ቀኙ ኩባያ ያሻግራል፤ የግራው ባዶ እስኪሆን አፉን አይከፍትም። ጓደኞቿ ስድሳውን አስሞልተው ሲዝናኑ የትርሲት መዝገብ ሠላሳ አንድ ፊርማ ብቻ ነበረው፤ እርሷንም «ሽምብራ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። ጋሽ ምሕረቱን ጠላቻቸው፤ ከልቧ ጠላቻቸው። አንድ ቀን መዝገቡን ዘርግታ እንደ ሌሎቹ እንዲሞሉላት ብትለምናቸው፣ ቀና ሳይሉ መለሱላት።

«ልጄ፣ ይህ መዝገብ የእኔ ዓይን ነው። ዓይኔን ደግሞ ለማንም አላውስም።»

ምርጫው ሲቃረብ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ላቀው (ለእርሱ አንቱታ ብዕሬ እምቢ ብላኛለች) ተማሪዎቹን በተግባር ፈተና ፊት አቆማቸው። ከሰሊጥ እርሻ የተመለሰ የአንድ የቀን ሠራተኛ የደም ስላይድ ከሆስፒታል አመጣ፤ በዚያው ጠዋት ራሱ ተመልክቶ «ወባ የለም» ሲል የፈረመበትን ወረቀትም ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ተወው። ለእያንዳንዱ ዐሥር ደቂቃ ተሰጥቶ ሳለ፣ ስድሳ ፊርማ የተሸከመው ሊቅ ሁሉ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ስላይዱን ገረፍ አድርጎ፣ ወረቀቱን ደኅና አድርጎ አንብቦ፣ «ወባ የለም» እያለ በግርማ ተነሣ። ትርሲት በተራዋ ሽምብራዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ስትደረድር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ደቂቃው ሲያበቃ ዘጠኝ ሽምብራ ብቻ ተሻግሮ ነበር። ውጤቱን ሲጠይቃት ገና ስላልጨረሰች «አለ»ም «የለም»ም ማለት እንደማትችል ነገረችው፤ እርሱም ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ መወሰን የማይችል ሰው ለላቦራቶሪ ሳይሆን ለሽምብራ ንግድ ይበጃል ብሎ አሳቃቸው። ትርሲት ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣች።

ከምሳ በኋላ ስላይዱ እንዲቀመጥ ጋሽ ምሕረቱ ወዳሉበት ላቦራቶሪ ሲወሰድ ተከትላ ገባችና ያቋረጠችውን ልትጨርስ ፈቃድ ጠየቀች፤ እርሳቸውም ወንበሩን ለቀቁላት። ከመጀመሪያው ጀመረች። ዐሥራ ሰባተኛዋን ሽምብራ ልታሻግር እጇን ስትዘረጋ፣ በዕይታው ክበብ ጥግ ቀለበት የመሰለው የወባ ተውሳክ፣ ጥቂት፣ ግን የማያጠራጥር ሆኖ ታያት። ጋሽ ምሕረቱ አጎንብሰው አዩ፤ ደግመው አዩ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታሉ ደወሉ። ሠራተኛው የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቶት ተሰናብቶ ነበርና፣ የሆስፒታሉ ሰዎች ፈልገው ፈልገው መናኸሪያ ውስጥ ጓዙን ተንተርሶ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ፣ የሁለት ቀን መንገድ የሚወስደውን አውቶቡስ ሲጠብቅ አገኙት። በዚያ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቢሆን ኖሮ ከአገሩ በሕይወት መድረሱን እንጃ። ጋሽ ምሕረቱም መዝገቧን ተቀብለው በሠላሳ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀኑን፣ የስላይዱን ቁጥርና ውጤቱን ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርሲት አልጠላቻቸውም።

ነገሩ ከዶክተር ላቀው ጆሮ ሲደርስ፣ የተሳሳተ ሰው ይደነግጣል ብለህ፣ አንባቢ ሆይ፣ አትጠብቅ፤ እርሱ የደነገጠው ለታማሚው ሳይሆን ለፊርማው ነበር። ሰኞ ጠዋት ትርሲትን ወደ ቢሮው አስጠርቶ፣ ስድሳ ፊርማ ያልሞላ ዓመቱን እንደሚደግም ሕጉን አነበበላት፤ ቀጥሎም ድምፁን አለስልሶ፣ የቀሩትን ሃያ ስምንቱን ራሱ አሁኑኑ ሊፈርምላት፣ ወደ ላቦራቶሪውም መንገድ በስሟ ሊያስገባት ፈቃደኛ መሆኑን ገለጠላት፤ ያች ሠላሳ ሁለተኛዋ መስመር ያለችበት ገጽ ተቀድዳ፣ መስመሯ ከእርሱ የተሳሳተ ፊርማ ጋር የሚያገናኛት የስላይድ ቁጥር ሳይኖርባት በአዲስ ከተጻፈች። ሦስት እስክሪብቶም ከጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ነበር። ትርሲት አባቷን አሰበች፤ ዕድርተኛውን አሰበች፤ የሚያልፋትን ዓመት አሰበች፤ እንባዋም መጣ። ከዚያ መዝገቡን ከፊቱ አንሥታ በደረቷ አቀፈችው።

«ዶክተር፣ ሃያ ስምንቱን አልሠራኋቸውም። ይህችን ግን ሠርቻታለሁ።»

በቀይ ቀለም «ትድገም» ብሎ ጻፈባት። ጓደኞቿ በሦስት ቀለም ባሸበረቁ መዝገቦቻቸው ታጅበው አለፉ፤ አባቷ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት፤ እርሷም ከጋሽ ምሕረቱ ዘንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጣ የቀሩትን አንድ በአንድ ሠራች። በዓመቱ ስድሳውን ሞልታ ስታቀርብ፣ አንባቢ ሆይ፣ ምን የተባለ ይመስልሃል? ጋሽ ምሕረቱ ያላቸው እስክሪብቶ አንድ ብቻ ነበርና፣ የፊርማው ቀለም ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ በአንድ ቀን የተሞላ ሐሰተኛ መዝገብ ነው ተብሎ ተጠረጠረ፤ ጠርጣሪውም ያው ዶክተር ላቀው ነበር። ትርሲት አልተከራከረችም፤ ከፈለጉት መስመር ይፈትኗት ዘንድ ጠየቀች። ነገሩን እንዲያጣሩ የተሰየሙት መርማሪዎች ስላይድ ሰጧት፤ ሃያ ሽምብራዋን ደረደረች፤ የመጨረሻዋ እስክትሻገር ድረስ፣ ሰዓቱን እያየ የሚቁነጠነጠውን ኃላፊ ጨምሮ፣ ሁሉንም በዝምታ አስቀመጠቻቸው፤ ያን ጊዜ ብቻ አፏን ከፍታ «ወባ የለም» አለች፤ በዚያም ክፍል ያንን ቃል ሲሰማ የተጠራጠረ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ዓይን ያልመሰከረለት ፊርማ፣ በስንት ቀለም ቢያጌጥ፣ የእጅ ሌብነት ነው።