ሙሉ ካላሪ

ቷ! ቷ! ቷ!

ጉሙ ከሂጅሊ ዳርቻ ገና አልተነሣም። ካርቲክ ችካል የሚመታው ማን እንደሆነ ሳያየው ገባው። የፈረንጆቹ ጨው ቤት ቀያሽ መጥቷል።

ባለፈው ክረምት ወንዙ ከጨው መሬታቸው አንዱን ጥግ ገምጦ ወስዷል። የጨው ቤቱ ሕግ ደግሞ አጭር ነው፦ አንድ ካላሪ የሚባለውን ልክ ያልሞላ የጨው መሬት ይሰረዛል፣ ለጎረቤት ይደረባል። ካርቲክና ስድስት ባልንጀሮቹ ከነቤተሰባቸው ወዴት ሊገቡ ነው?

"ካላሪ በገመድ ይለካል እንዴ?" አለ ሽማግሌው ባንሺ፣ ምድጃው ውስጥ ገለባ እየማገደ። "ካላሪ ማለት ሰባት ሰው አፈሩን ፍቆ፣ አጥልሎ፣ ባንድ ምድጃ አፍልቶ የሚያድርበት ነው። ይኸው ሰባት ነን፤ ምድጃውም ይኸው!"

"አያ ባንሺ፣ ስትበላ የሁለት ሰው ነህና ስምንት ነን በላቸው" አለ ካርቲክ።

ቀያሹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ፤ ጸጉሩ የሸበተ ቀጭን ሰው ነው። ገመዱን እየዘረጋ እስከ ወንዙ አፋፍ ለካ።

"ሃያ ገመድ መሙላት ነበረበት። ሦስት ክንድ ይጎድላል።"

"ጌታዬ፣ ሦስት ክንድ ላይ እኮ ጎሽ ብትተኛ ጭራዋ ውጭ ነው የሚያድረው!" አለ ካርቲክ።

"የምሰማው ገመዱን ነው፤ አንተን አይደለም።"

ባንሺ የሩዝ ፈንዲሻ አቀረበለት። "ይብሉ እንጂ። ሲሰርዙንስ በባዶ ሆድዎ ለምን ይሁን?"

ቀያሹ ፈገግ አለ። ጫማውን አውልቆ እግሩን ወደ ምድጃው ዘረጋ። የካርቲክ ዓይን እዚያው ቀረ፦ ተረከዙ ነጭ ነው፣ የተሰነጠቀ፣ እንደ ቅርፊት የጠጠረ። ከጨው ጭቃ ውስጥ ላላደገ ሰው እንዲህ ያለ እግር ከየት ይመጣል?

ሰውየው በልቶ ሲያበቃ ገመዱን ጠቀለለና የጨው ውሃው ጉድጓድ ውስጥ ነከረው።

"አቧራ ይዟል። ይታጠብ።"

ባንሺ አፉን ሊከፍት ሲል ካርቲክ በክርኑ ጎሸመው። ጀልባ ያሰረ ሁሉ ያውቀዋል፤ የራሰ ገመድ ያጥራል። ያጠረ ገመድ ደግሞ መሬት ያስረዝማል።

ጉሙ ሲገፈፍ ቀያሹ እንደገና ለካ። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያኛው ሲያልቅ መሬቱ ገና ስንዝር ተርፎታል።

"ሙሉ ካላሪ" አለ፣ የመጨረሻውን ችካል ለካርቲክ እያቀበለ። "እንካ፣ አንተ ምታው።"

ካርቲክ መታው። ቷ! ቷ!

"ጌታዬ፣ ለመሆኑ የየትኛው ዳርቻ ልጅ ነዎት?" ብሎ ቀና ሲል፣ ሰውየው ውሃ የሚያንጠባጥበውን ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በባዶ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ ርቋል።