የፎቲኒ ጩኸት

ፎቲኒ ከፍየል ሥጋው ድስት ላይ አረፋ እየገፈፈች ሳለ ማይክሮፎን አገጯ ሥር መጣ።

"እማማ ፎቲኒ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ! ያን ለት ሲጮሁ ምን ተሰምቶዎት ነበር?"

"ልጄ፣ መጀመሪያ ከእሳቱ ራቂ። ቀሚስሽ ይቃጠላል።"

ጠያቂዋ ዳናይ ትባላለች፤ ከኢዮአኒና ከተማ፣ ከሬዲዮ ጣቢያ ነው የመጣችው። ጣቢያው በሰሜን ምዕራብ ግሪክ ያለውን የኤፒሮስ አውራጃ ሙዚቃ ስለቀየሩ ምሽቶች ዝግጅት ጀምሯል፤ የዛሬው ተረኛ ይህ መንደር ነው። ከአርባ ዓመት በፊት፣ እንደ ዛሬው በነሐሴዋ ማርያም በዓል፣ ላምብሮስ የሚባለው ክላርኔት ነፊ እዚሁ አደባባይ ላይ ሙሾ ሲጫወት አንድ እንግዳ በቴፕ ቀዳው። ሙሾው መሃል ላይ ክላርኔቱ ትንፋሽ ሲወስድ አንዲት ሴት ትጮኻለች። ቴፑ አቴና ደረሰ፣ በሸክላ ታተመ። የገጠር ሙዚቃ ሲባል አፍንጫውን ይነፋ የነበረ የከተማ ሰው ሁሉ ሸክላውን ገዛ፤ የመንደር ሰርግ ያጫውት የነበረው ላምብሮስም ትልልቅ መድረክ ላይ ወጣ። ሰው የሚገዛው ለጩኸቱ ብሎ እንደነበር እሱ ራሱ አይክድም።

የጮኸችው ፎቲኒ ናት። ለምን እንደጮኸች ግን ከእሷ፣ ከሟች ባሏና ከልጇ ከአሬቲ በቀር የሚያውቅ የለም።

በዚያ ዓመት ወንድሟ ፔትሮስ ጀርመን አገር ሲሠራ ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሞተ። በዚህ መንደር ሐዘን ላይ ያለ ሰው በበዓል አይጨፍርም፤ ማብሰል ግን አይከለከልም። እናም ፎቲኒ የፈላ መረቅ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሃል ስታልፍ አንዱ ክርኗን ገጫት፤ መረቁ እጇ ላይ ተደፋ። ጮኸች። ሙሾ እየተነፋ ሐዘንተኛ ስትጮህ ደግሞ የኤፒሮስ ሰው ምን ሆንሽ ብሎ አይጠይቅም፣ አንገቱን ይደፋል እንጂ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። በማግስቱ ጎረቤቶቿ "እሰይ፣ ወጣልሽ!" እያሉ ሲስሟት አፍራ ዝም አለች። ሸክላው ከወጣ በኋላማ ማን ይሰማታል? የተቃጠለ እጅ እንደሆነ የወጥ ቤት ሴት ሁሉ አላት።

ዝነኛ መሆኑ አይደለም የከበዳት። ለፔትሮስ አላለቀሰችም። የአስከሬኑ ሣጥን ታሽጎ ስለመጣ ውስጡ መኖሩን ልቧ አልተቀበለም፤ በቀብሩም አላለቀሰች፣ ከዚያም በኋላ አላለቀሰች። አገር ምድሩ "እህቱ አለቀሰችለት" የሚለው ወንድሟ ያለ እንባ መቅረቱ ያንገበግባታል።

ጠዋት ድንች እየላጡ ለአሬቲ ነግራታለች።

"ዛሬ እውነቱን በሬዲዮ እናገራለሁ።"

"እማዬ፣ ጋሽ ላምብሮስስ?"

"እሱ ምን ይሆናል?"

"ሰማንያ አልፎታል እኮ። ከዚያ ሸክላ ሌላ ምን አለው?"

"እኔስ ከፔትሮስ ሌላ ስንት ወንድም አለኝ?" አለች ፎቲኒ። አሬቲ ድንቿን ወደ መላጥ ተመለሰች።

ላምብሮስ ወደ አመሻሹ ላይ መጣ፤ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የክላርኔቱን ሣጥን በብብቱ ይዞ። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ተጣራ።

"ፎቲኒ! ጩኸቱን ረስተሽው እንዳታዋርጂኝ!"

"አንተ መንፋቱን ካልረሳኸው፣ ጋሼ።"

"ትንፋሹ የለም። ሐኪሙም ተው ብሎኛል።"

"ታዲያ ተዋ! ልትሞት ነው?"

"ዛሬን ብቻ።" በሩን ተደግፎ ትንሽ አረፈ። "እኔ እኮ ሙዚቀኛ የሆንኩት አንቺን ያስለቀስኩ ለት ነው። ከዚያ በፊት ለሰካራም ነበር የምነፋው።"

ፎቲኒ ወደ ድስቷ ዞረች። ሲሄድ ዳናይን ጠራቻትና "ሙሾው ሲያልቅ ነይ፤ ሁሉንም እነግርሻለሁ" አለቻት። ሐሳቧን አልቀየረችም፤ ሰውየው ተጫውቶ እስኪጨርስ መታገሥ ብቻ ነው የፈለገችው።

ፀሐይ ተራራው ጀርባ ስትገባ ሙሾው ተጀመረ። በሙሾ ሰዓት ብርጭቆ አይነሳም፤ ልጆችም ሳይቀሩ ዝም ይላሉ። ቫዮሊኑ አንድ ድምፅ ይዞ ቆመ፣ ክላርኔቱ በላዩ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ላምብሮስ አርጅቷል፤ ጣቱ ግን አላረጀም። ፎቲኒ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

ያቺ የጩኸቱ ቦታ ደረሰች። ላምብሮስ ክላርኔቱን ከከንፈሩ አላቆ ትንፋሽ ወሰደ፣ መልሶ አስገባው፣ ነፋ። ድምፅ የለም። ጉንጩ ተነፋ፣ አንገቱ ላይ ሥሮቹ ተገተሩ፤ አሁንም የለም። ቫዮሊን መቺው በዓይኑ ሲጠቅሰው አላየውም። ሬዲዮው በቀጥታ እያስተላለፈ ነበር። ከፊት የተቀመጡት እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፤ ሽማግሌው ፊቱ ሲቀላ ፎቲኒ አየች፣ አዘነችለትም።

ክፍተቱን ልትሸፍንለት ብቻ አፏን ከፈተች። ጩኸት ነበር ያሰበችው፤ የወጣው ግን "ፔትሮስ!" የሚል ነው።

ስሙን ጮክ ብላ ከጠራችው አርባ ዓመት ሆኗታል። ደግማ ጠራችው። ሰዉ አንገቱን ደፋ፤ ድምፅዋ ሲሰበር ላምብሮስ ትንፋሹን አገኘና እሷ ካቆመችበት ያዘ። ፎቲኒ ወጥ ቤት ገብታ የድንቹ ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ሙሾው እስኪያልቅ እንባዋ አላቆመም። አሬቲ ጭልፋውን ከእጇ ወስዳ አጠገቧ ቆመች።

ዳናይ ማይክሮፎኗን ይዛ እየተቻኮለች ገባች። ላምብሮስም ከኋላዋ ውሃ ፍለጋ መጥቶ ነበር።

"እማማ ፎቲኒ፣ ያሁኑን ሰማን። የዛኔስ? ሁሉንም ይነግሩኛል ብለውኝ ነበር።"

ላምብሮስ የክላርኔቱን አፍ በመሐረብ እየጠረገ ነበር፤ እጁ ቆመ።

ፎቲኒ ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። የመረቁ ቃጠሎ ጠባሳ ታይቷት የቀሚሷን እጅጌ እስከ መዳፏ ድረስ ጎተተችው።

"የዛኔም እንደዛሬው ነበር" አለች። "በይ አሁን ብዪ፤ ሥጋው ቀዘቀዘ።"