ያልተደበቀው ጎጆ

ፀጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው «ወፌ» ይለዋል። መስኮቱ ላይ ድንቢጥ ካረፈች ደንበኛ ቢቸኩልም ባይቸኩልም መቀሱ አየር ላይ ይቀራል። ወፍ የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር አባል ነው፤ ያዩትን ወፍ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ለተመራማሪዎች ይልካሉ። ክፍያ የለው፣ ምስጋናውም እምብዛም። እዚያው ፀጉር ቤት ፎጣ የምታጥበው ሚስቱ «ሰው ጫጩቱን ከጭልፊት ይጠብቃል፣ የእኔው ጉድ የጭልፊት ጫጩት ይጠብቃል» እያለች ደንበኛ ታስቃለች።

እውነቷን ነው። ከሰፈሩ ጀርባ ባለው አሮጌ የድንጋይ ማውጫ ገደል ላይ፣ ከአካባቢው ጠፍታለች የተባለች ጭልፊት ሦስት ጫጩት ፈልፍላ አግኝቷል። እንዲህ ያለ ጎጆ ያገኘ ሰው ፎቶውን ሲልክ «ቦታውን ደብቅ» የሚለውን መጫን አለበት። ጫጩቶቹን ሰርቀው፣ ለአደን ለሚያሠለጥኑ ሀብታሞች የሚሸጡ አሉና። ወፌ ራሱ ይህን ለአዲስ አባላት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ግን የተደበቀ ጎጆ ማንም በስልኩ በሚያየው የማኅበሩ ካርታ ላይ አይወጣም፤ ካርታው ላይ ካልወጣ ደግሞ ሹፌሩ አያየውም። ሹፌሩ የሰፈሩን አውቶቡስ የሚነዳ የማኅበሩ አባል ነው፤ ብርቅ ወፍ ሁሌ ቀድሞ የሚያገኝ፣ ካገኘም በኋላ አፉን የማይዘጋ። በዚሁ የተነሳ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው። ወፌ «ለዛሬ ብቻ አይቶ ይቃጠል፣ ነገ እደብቀዋለሁ» ብሎ እንዳለ ላከው። ቅናት አዋቂን እንዲህ ያጃጅላል።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ። አንዱ ጺሙን ሊላጭ ተቀመጠ፣ ሌላው በሩን ተደግፎ መንገድ መንገዱን ያያል። የተቀመጠው ሰው ስልክ ደውሎ «ፀጉር ቤቱ ጋ ነን፣ ቶሎ ና» አለና ስልኩን ጭኑ ላይ አኖረው። ወፌ ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንዳሳረፈ ዓይኑ ወደ ስልኩ ወረደ። የማኅበሩ ካርታ ነው። ቀይዋ ነጥብ የእሱ ነጥብ፣ ከሥሯ ያለው ፎቶ የእሱ ፎቶ። ምላጩን ከሰውየው አንገት ላይ አነሳ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣትም ያው ነው። የደወሉለት ሦስተኛ ሰው ሲደርስ ወደ ገደሉ ሊሄዱ ነው ብሎ አሰበ። የሞቀ ውሃ ላምጣ ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ለሚስቱ ያደረገውን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ነገራት።

«ሹፌሩ ጋ ሩጪ። አውቶቡሱን የገደሉ መንገድ ላይ ያጋድምልኝ።»

«እሱ? የአንተ ሹፌር?»

«እሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው በይው፣ ለምኚልኝ።»

ሚስቱ በጓሮ በር ወጣች። ወፌ ተመልሶ ሰው እንዲህም ይላጫል ወይ እስኪባል ድረስ ቀስ እያለ መላጨት ጀመረ። ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹን አረፋ የተቀባ ሰው የትም አይሄድም፤ ይህን ማንም ፀጉር አስተካካይ ያውቃል። ሰውየው ሁለት ጊዜ ፍጠን አለው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆዳህ ስስ ነው ብሎ መለሰለት። ቆይቶ የአውቶቡሱ ድምፅ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ሲያልፍ ሰማ፣ ትንፋሹም መለስ አለለት። የወደቀ ፎጣ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ግን የሰውየውን ጫማ አየ። እስከ ካልሲው ቀይ አቧራ ለብሷል። በዚያ ሰፈር ቀይ አፈር ያለው ገደሉ ጋ ብቻ ነው።

ለካ ሰዎቹ ሄደው ተመልሰዋል። የሚጠብቁት ገዢውን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ አውቶቡሱ ባዶ መንገድ ዘግቶ ቆሟል።

ምላጩን አስቀመጠ። አዲስ ምላጭ ልግዛ ብሎ በሩ ላይ በቆመው ሰው አጠገብ አለፈ። በመኪናው መስኮት ሲያይ የኋላ ወንበር ላይ ጨርቅ የተከደነ ካርቶን አለ፤ ከውስጡ ቀጭን ጩኸት ይሰማል። ወፌ ጉልበተኛ ሰው አይደለም፣ ሮጦ የሚያመልጥበትም ዕድሜ ላይ የለም። ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ መኪናው ፊት አስፋልቱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ሌባ እያለ ጮኸ። በሩ ላይ የነበረው በኮሌታው ይዞ ጎተተው፤ ወፌ የመኪናውን መከላከያ ብረት አቅፎ አልለቅም አለ። ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነው ሰው ሲወጣ ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ካርቶኑን ሲያይ ግን ከበባቸው፤ ፖሊስም እስኪመጣ አላነቃነቃቸውም።

ወፌ ጨርቁን ገለጠ። ሁለት ጫጩት ብቻ።

«ሦስተኛውስ?» አለው ግማሽ የተላጨውን።

ሰውየው አረፋውን በእጅጌው ጠረገ። «ስንወርድ ወደቀ» አለ።

ሹፌሩ ሚስትየው የነገረችውን ሰምቶ ስለነበር መሳለቂያ ይዞ ይመጣል ብሎ ወፌ ተዘጋጅቶ ነበር። ሹፌሩ ግን ሌቦቹ ገደሉን የወረዱበትን ገመድ ከመኪናቸው አወጣ፣ ገደሉ ጋ ሲደርሱም ወገቡ ላይ አሰረው፣ ጫጩቶቹን በሸሚዙ ውስጥ ይዞ ገደሉን ወረደና ጎጆአቸው መለሳቸው። ከዚያ ሁለቱ ከገደሉ ማዶ ተቀምጠው መጠበቅ ጀመሩ። እናትየው ጎጆው ሲዘረፍ ሸሽታለች፤ ሳይመሽ ካልተመለሰች ጫጩቶቹ ብርዱን አይችሉትም።

«ትናንት ደውዬልህ ነበር» አለ ሹፌሩ ዓይኑን ከገደሉ ሳያነሳ። «ደብቀው ልልህ።»

ወፌ ስሙን ስልኩ ላይ አይቶታል። ቅናት አንጨርጭሮት ነው ብሎ፣ ደስ ብሎት፣ ሳያነሳ ትቶት ነበር።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሹፌሩ ክንዱን ጨበጠው። ጭልፊቷ በጥፍሯ ሥጋ ይዛ መጣች፣ ጎጆው ጠርዝ ላይም አረፈች። ወፌ የሩቅ ማያ መነጽሩን ከሹፌሩ ተቀብሎ አየ። ሁለቱ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተዋል። እናትየው ግን አላጎረሰቻቸውም። ሥጋውን እንደያዘች ወደ ጠርዙ ተራመደች፣ ቁልቁል አየች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄዳ ቁልቁል አየች።

«ምን ሆና ነው የማታበላቸው?» አለ ሹፌሩ።

«ሦስተኛውን እየፈለገች ነው» አለ ወፌ፤ መነጽሩንም መለሰለት።