የቀበናው ፎቅ ቆጣሪ

በሰባዎቹ አጋማሽ አንድ ዓመት ዝናብ አነሰና ግድቡ ጎደለ ተባለ። ግድቡ ሲጎድል እኔ ተሾምኩ። የፎቃችን የኃይል ቁጠባ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆንኩ። ችሎታዬ ታይቶ እንዳይመስላችሁ። ስብሰባው ላይ “ፈቃደኛ ማነው?” ሲባል ጎረቤቶቼ ሁሉ ጫማቸውን ሲመረምሩ እኔ ብቻ ቀና ብዬ ተገኘሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ሰው እኔ ነኝ። ጉተማ እባላለሁ፣ ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው።

ፎቃችን ከቀበና ድልድይ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ይገኛል። የአንድ ነጋዴ ነበር፤ ትርፍ ቤት ሲወረስ የመንግሥት ሆነ። ታች የነጅመዲን ልብስ ስፌትና የይማም ሻይ ቤት፣ ላይ የእኔ ፎቶ ቤትና የፋዲላ የሴቶች ፀጉር ቤት አሉ። ነጋዴው ይኖርበት የነበረው ቪላ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ከፎቁ ጀርባ ነው። እሱ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ሆኗል። የፎቁ ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው፣ ደረጃው ሥር ተሰቅሏል። የመብራቱን ሒሳብ አራታችን ተከራዮች እኩል እንካፈላለን።

አዲሱ መመሪያ ቀልድ አያውቅም ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ከተወሰነለት በላይ መብራት የሚፈጅ የንግድ ሕንፃ መስመሩ ይቆረጣል። ኮሚቴው አባካኙን ለይቶ ካጋለጠ ግን የሚቆረጠው የአባካኙ ብቻ ነው፤ ክፍሉም ተወስዶ ለሌላ ይሰጣል። ይህንን እንዳስፈጽም ሴሚናር ላኩኝ። ሴሚናሩ ሲጀመር ስለ መብራት የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ሲያልቅ ደግሞ አለማወቄን ረሳሁት።

እንደተመለስኩ ሕንፃውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ባለ መቶ ሻማውን አምፖል ሁሉ አውልቄ ባለ ሃያ አምስት ተካሁበት። ነጅመዲን በዚያ ጭላንጭል የአንድ መቶ አለቃ ሱሪ በሰማያዊ ክር ሰፍቶ ሳይታሰር የቀረው በአላህ ቸርነት ነው። ቀጥሎ “የተፈጥሮ ብርሃን እንጠቀም” የሚለው ትምህርት ትዝ አለኝና የላይኛውን ኮሪደር ቆርቆሮ አስቀድጄ ፕላስቲክ አስገጠምኩበት። ክረምቱን ሙሉ ጠፍቶ የከረመው ዝናብ ይህንን የሰማ ይመስል በሳምንቱ ከእንጦጦ ወርዶ ቀዳዳዬ ላይ አረፈ። የፋዲላ ደንበኞች ፀጉራቸውን ሊያስደርቁ መጥተው ተራ ሲጠብቁ ረጠቡ። ቆጣሪው ግን አልቀነሰም፤ እንደ ድሮው ይቆጥራል።

ስለዚህ አባካኝ መፈለግ ነበረብኝ። ከራሴ ብጀምር ጥሩ ነበር፤ ፎቶ ቤቴ ውስጥ ባለ አምስት መቶ ሻማ ሁለት መብራቶች ነበሩኝ። ነገር ግን እነሱ የሚበሩት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው፣ መታወቂያው ደግሞ ለአብዮቱ ነው ብዬ ራሴን ነፃ አወጣሁ። ጥርጣሬዬ ያረፈው ፋዲላ ላይ ነው። እሷ ካስክ ነበራት፤ ሴቶች ፀጉራቸውን ተጠቅልለው ከሥሩ የሚቀመጡበት፣ እንደ ትልቅ ባርኔጣ ራስ ላይ የሚደፋ ማድረቂያ። ይጮኻል፣ ይሞቃል። የሚጮኽና የሚሞቅ ነገር አባካኝ መሆን አለበት አልኩ።

የፋዲላ ባል የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ስንቅ ጭኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ክፍል ነው፤ ክፍሏ ከተወሰደ የሚቀራት እንጦጦ ወጥቶ ጭራሮ መልቀም ነበር። ይህንን አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅሁም፣ ተቆጣጣሪውና የቀበሌው ሊቀመንበር ባሉበት ሁሉም ተከራይ በየተራ መብራቱን እያጠፋ ቆጣሪው ይታይ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። የማን ሲጠፋ ቆጣሪው ቀጥ ካለ አባካኙ እሱ ነው። ጎበዝ ነኝ አልኩ ለራሴ።

ፋዲላ ደረጃው ላይ ጠብቃ አገኘችኝ። “ጋሼ ጉተማ፣ ይቅርብዎት። ቆጥቡ ካሉን እንቆጥባለን፤ ቆጣሪውን ግን ሰው ሰብስበው አያስቆጥሩት።”

የሚፈራ ሰው የሚደብቀው አለው አልኩ በሆዴ።

ነጅመዲንም ጠራኝ። “አንተ ሰውዬ፣ ሽቦ ተከትለህ የት እንደምትደርስ አስበኸዋል?”

“ወደ እውነት!” አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

“እኔም የፈራሁልህ እሱን ነው” ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ልብስ ሰፊ ስለ ቆጣሪ ምን ያውቃል ብዬ ናቅሁት።

ቀኑ ደረሰ። ከመብራቱ መሥሪያ ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ ወገቡ ላይ ፒንሳ የሰካ ዝምተኛ ወጣት ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘነበ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ከቪላው መጣ። ዘነበ በዕድሜ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው፤ ሆኖም እኔ አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል። ድንጋይ ላይ ወጥቼ “ጓዶች፣ የሰፊውን ሕዝብ ኃይል የሚያባክን እጅ ዛሬ ይጋለጣል!” አልኩ። ያጨበጨበ ዘነበ ብቻ ነው።

ለአርአያነት የራሴን አስቀደምኩ። አጠፋሁ። በቆጣሪው መስታወት ውስጥ የምትዞረው ክብ ብረት ቀይ ነጥብ አለባት፤ ነጥቧ መጣች፣ ሄደች፣ መጣች። ይማም አጠፋ። ትዞራለች። ነጅመዲን ካውያውን ነቀለ። ትዞራለች። የቀረችው ፋዲላ ሆነች፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፣ እኔም እንደ አሸናፊ ዞርኩ። ወጥታ ካስኩን አጠፋች። ፀጉሯ በቢጎዲን የተጠቀለለ አንዲት ደንበኛዋም ተከትላት ወረደች።

ቀይዋ ነጥብ መጣች፣ ሄደች፣ መጣች።

“ሁሉም ጠፍቷል?” አለ ተቆጣጣሪው።

“ጠፍቷል” አልነው።

“ታዲያ ይህንን የሚያዞረው ምንድን ነው?”

በዚህ መሐል ከቪላው የድምፅ ማጉያው መዝሙር ሲንቆረቆር ሰማን። አንድ ሌላ ጥበቃም በመስኮት ብቅ ብሎ “የኤሌክትሪኩ ፎርኔሎ ላይ ያለው ሻይ ፈላ፣ ኑ ጠጡ!” ብሎ ባልደረቦቹን ጠራ። ዓይኔ ሳላዘው ከቆጣሪው ተነሣ፤ በግድግዳው ሄደ፣ በጣሪያው ጠርዝ ዞረ፣ አንድ ወፍራም ጥቁር ገመድ ተከትሎ ቪላው ላይ አረፈ። ነጋዴው ለቤቱም ለፎቁም መብራት ያስገባው በአንድ ቆጣሪ ነበር፤ ከተወረሰ በኋላ ማንም አልለየውም። ጎረቤቶቼን አየሁ። ነጅመዲን መሬት ያያል። ይማም መሬት ያያል። ገባኝ። ሁሉም ያውቁ ኖሯል፣ ያውም ዓመታት ሙሉ። ያላወቅሁት እኔ ሊቀመንበሩ ብቻ ነኝ።

“ጓድ ጉተማ፣ የኮሚቴው ኃላፊ አንተ ነህ፤ አስረዳ እንጂ” አለ ዘነበ። ፈገግ ብሏል፤ ፈገግታው ግን አፉ ላይ ብቻ ነው። መልሴን ሳይጠብቅ ራሱ ቀጠለ፤ “የመጨረሻዋ እሷ ናት። ይህ ካስክ የሚባለው የቡርዧ ዕቃ ነው፣ ውስጡ የተጠራቀመ ኃይል ሳይኖረው አይቀርም። የሷ ይመዝገብና እንጨርስ።”

ተቆጣጣሪው አፉን ከፈተ፣ ጥበቃዎቹን አየ፣ አፉን ዘጋ። “ስሟን ማን ልበል?” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ፋዲላ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛለች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ እኔን ነው የምታየው። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል ከዚያ በፊት አፍሬ አላውቅም።

“ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነው።

ግለ ሂስ በየስብሰባው እናደርግ ነበር። የእኔ ጥፋት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “አንዳንዴ ከአቅሜ በላይ እሠራለሁ” እላለሁ፣ እቀመጣለሁ። አሁን ግን ፊልም በማጥብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ በስውር መስመር አስገብቼ አንድ መብራት እንደማበራ፣ እስካሁን እየበራ እንደሆነ፣ ይህም የንዑስ ከበርቴ ስስት እንደሆነ ተናዘዝኩ። ስንት ዓመት ግለ ሂስ አድርጌ ጥፋት ያመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ያላደረግሁት ነው።

“ጨለማ ክፍል ውስጥ መብራት?” አለ ተቆጣጣሪው።

“ቀይ ነው” አልኩ። “ቀይ መብራት።”

ቀይ ሲባል ዘነበ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ጀግና ቢሆን ኖሮ ጣቱን ወደ ገመዱ ይቀስር ነበር። የእኔ ጣት ወደ ገመዱ ለመሄድ ፈራችና ስትመለስ ደረቴን አገኘች።

ተቆጣጣሪው ፎቶ ቤቴ ገብቶ መስመሬን በፒንሳ ቆረጠ። ወርዶ ቆጣሪውን አየው፤ ትዞራለች። “ተስተካክሏል” ብሎ ጻፈና ፈርሞ ሄደ። ዘነበ ስለ ግለ ሂሴ ሲል ክፍሌን ማረልኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ እሷ ቢያንስ ቆጡ ላይ ያለውን ታውቀዋለች።

“አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ ጉተማ” አለችኝ ፋዲላ ሰው ከተበተነ በኋላ። “ይቅርብዎት ብዬዎት ነበር እኮ” አለች ደግሞ።

ከዚያ ወዲያ በፀሐይ የምሠራ ፎቶ አንሺ ሆንኩ። ዘንባባና ሐይቅ የተሳለበትን ሸራዬን የፎቁ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ደመና ሲመጣ ደንበኛውም እኔም ሰማይ ሰማይ እያየን እንቆማለን። ግማሹ ተስፋ ቆርጦ መገናኛ አካባቢ ወዳሉ ፎቶ ቤቶች ሄደ።

ጥር ላይ ዘነበ አስጠራኝ። “ለጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ የሚሆን ትልቅ ፎቶ እፈልጋለሁ። መብራቶችህን ይዘህ ና። እኛ ጋ ጠፍቶ አያውቅም” አለኝ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። መብራቶቼን ተሸክሜ እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። ዘነበ ኮሌታውን አስተካክሎ ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። ሰካሁ። ክፍሉ በብርሃን ተጥለቀለቀ፤ መብራቶቼን ናፍቄያቸው ኖሮ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወዲያው በጀርባ መስኮት ከፎቁ የፋዲላ ድምፅ መጣ፤

“ኧረ ደግሞ ማነው መብራቱን የሚጎትተው? ካስኩ ቀዘቀዘ እኮ! የሰው ፀጉር እርጥብ ላይ ነው!”

ዘነበ ሰምቷል። “ቀጥል” አለኝ።

እጄ ካሜራው ላይ ነበረች። ማነው ብላ የጠየቀችውን እኔ አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ነቀልኩት።

“ምነው?”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ መብራት ለተራ ሰው ነው” አልኩት። “የአመራር ፊት በመብራት ይገረጣል። የእርስዎ በፀሐይ ነው የሚያምረው።”

አሰበበት፤ አመነኝ። ወንበሩን ራሴ ተሸክሜ ግቢው መሐል አወጣሁለትና ልክ ወደ ስድስት ሰዓቷ ፀሐይ አዙሬ አስቀመጥኩት። ዓይኑን አጨነቆረ። “ፀሐዩ ቢከብደኝስ?” አለ። “ቀና ይበሉ፣ ወደፊት ይመልከቱ” አልኩት። ቀና አለ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ፣ አንዱ ዓይኑ ጨርሶ ተከደነ። እላይ የካስኩ ጩኸት ተመለሰ፤ ይኼኔ አነሳሁት።