ሳይሰሙ አሜን

በሮቤ ከተማ በገዛ እንጀራው ላይ «አሜን» ያለ ሰው ቢኖር ጋሪ ነጂው ጉዲና ነው። ያለውም በሹክሹክታ አይደለም፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ በሙሉ ድምፁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሪ ከከተማው ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር ክረምቱን ሙሉ ሰውን ሲያነታርክ ከረመ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ስብሰባ ይጠራል፣ ያለቀለት ውሳኔ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። ጉዲናም እንደማንኛውም ሰው መዳፉ እስኪቀላ ሲያጨበጭብ የኖረ ነው። ማታ ሚስቱ ሰንበቴ «ምን ተወሰነ?» ስትለው ግን መልስ ያጣል።

ዘንድሮ አዲስ ነገር መጣ። ከየሰፈሩ ነዋሪዎች በዕጣ ይመረጣሉ፤ ጋሪ ነጂውንም ባጃጅ ነጂውንም ሰምተው፣ ተመካክረው ራሳቸው ይወስናሉ ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱም የወሰኑትን ሊፈጽም ቃል ገባ። ዕጣ መቼም የሰው ፊት አያይም፤ እህል ነጋዴ አወጣ፣ ተማሪ አወጣ፣ ጠላ ሻጯን ሸዋርጋን አወጣ። ሐጂ ጀሊልንም አወጣ። የሐጂ ስም ሲጠራ ጉዲና ክው አለ። ባለፈው ዓመት አንድ የጋሪ ፈረስ የጭነት መኪና አስደንብሮት ሐጂን ገጭቶ ጥሏቸው፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ጋሪው የጉዲና አልነበረም። ለተጎዳ ሰው ግን ፈረስ ሁሉ አንድ ነው።

ጉዲና ደግሞ ከጋሪ ሌላ ሥራ አያውቅም። ልጆቹን የሚያበላውም የሚያስተምረውም ዳማ ነው፤ ዳማ ፈረሱ ነው። ጋሪ ተከለከለ ማለት ዳማ ተሸጠ፣ ጉዲናም በዚህ ዕድሜው ለቀን ሥራ ጎህ ሳይቀድ ተሰለፈ ማለት ነው።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። አወያይዋ ፍቅርአዲስ ትባላለች፤ ከወሎ መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ወጣት ናት። «መጀመሪያ እንሰማለን፣ ቀጥሎ እንመካከራለን፣ መጨረሻ እንወስናለን። ያልሰማ አይወስንም» አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደ ወጉ «አንድ አባት መርቀውን እንጀምር» አለች። በዕድሜ ሐጂ ጀሊልን የሚቀድም አልነበረም።

ሐጂ ከዘራቸውን ወንበር አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉ።

«አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን!»

«አሜን!» አለ ክርስቲያኑ፤ «አሚን!» አለ ሙስሊሙ፤ አንድ ላይ አዳራሹን ሞላው።

«ዝናቡን በወቅቱ፣ እህሉን በጎተራው ያድርግልን!»

«አሜን!»

«የታመመውን ይማርልን፣ የተወለደውን ያሳድግልን!»

«አሜን!»

«መንገዳችንን ከፈረስ ጋሪ ያጽዳልን!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ። ጉዲናም አለ።

ምርቃት አንዴ ከገቡበት ይዞ ይሄዳል፤ አፍ ከጆሮ ይቀድማል። ጉዲና የተባለውን የሰማው አሜን ካለ በኋላ ነው። የተዘረጋ እጁን እያየ ደርቆ ቀረ። አጠገቡ የተቀመጠው ባጃጅ ነጂ ቀነዓ «በል እንግዲህ፣ አንተም ተስማማህ ማለት ነው» ብሎ ሳቀበት። ጉዲና ለመሳቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

መናገር ተጀመረ። ቀነዓ ጋሪ አስፋልቱን እንደሚዘጋ፣ ፈረስ እንደሚደነብር፣ ፋንድያው ለአላፊ አግዳሚ እንዳስቸገረ ተናገረ። እውነቱን ነው። ጉዲና ተራው ሲደርስ «ክረምት ጭቃው ባጃጅ ሲይዝ፣ ከጀርባ ሰፈር ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ማነው? የገበሬውን ስንዴ ወፍጮ ቤት የሚያደርሰውስ? እኛ ነን» አለ። ይህን ብሎ ተቀመጠ።

ዕጣ የወጣላቸው ክብ ሠርተው ሲመካከሩ ቆዩ። ወደ መወሰኑ ሲደርሱ ግን ነገሩ ተቋጠረ።

«እኔ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ለጉዲና አድልቷል» አለች ሸዋርጋ። «ግን አሜን ብለናል። ምርቃት ይታጠፋል እንዴ?»

«ምርቃት እኮ ድምፅ መስጠት አይደለም» አለች ፍቅርአዲስ ግራ ተጋብታ።

«ለአንቺ አይደለም፣ ልጄ» አለች ሸዋርጋ።

ፍቅርአዲስ ሌሎቹን አየች፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። እዚያ አገር ውል ቢፈርስ ሌላ ውል ይጻፋል። በሽማግሌ ምርቃት ላይ አሜን ካሉ በኋላ ማጠፍ ግን እርግማን መጥራት ነው። ጉዲና ከኋላ ሆኖ ይህን ሲሰማ፣ ዳማን ማን ይገዛው ይሆን እያለ ማሰብ ጀመረ።

ያኔ ሐጂ ጀሊል ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ምርቃቱን ሊያጸኑት ነው ብሎ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ይቺ ልጅ ያልሰማ አይወስንም ስትል እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ። ወዲያው ግን የእግሬን ሕመም ከዱዓው ቀላቀልኩት። ሳልሰማ ፈረድኩ፣ እናንተንም ሳትሰሙ አስፈረድኳችሁ። ጉዲና ስለ ሐኪም ቤት ሲያወራ ነው የነቃሁት። የወደቅሁ ቀን እኔንስ ተሸክሞ ያደረሰኝ ምን ነበር? ጋሪ አይደለም ወይ?»

አዳራሹን ዙሪያውን አዩት።

«ከአፌ የወጣውን መልሼ አልውጠው። እናንተ ግን ከቃሌ ልትፈቱኝ ትችላላችሁ። አፉ በሉኝ። ጉዲና፣ የተነካኸው አንተ ነህና መጀመሪያ አንተ።»

ጉዲና ወንበሩን ገፍትሮ ተነሣ። «አፉ ብያለሁ፣ ሐጂ! እግዜር ይፍታዎት!»

«አፉ ብለናል!» አለ አዳራሹ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ውኃ ወረደ። ጋሪ ከዋናው አስፋልት ይውጣ፤ በውስጥ ለውስጥ መንገድና በገበያው ጀርባ ግን እንደ ልቡ ይሥራ፤ ከየፈረሱ ኋላም ፋንድያ መቀበያ ጆንያ ይታሰር ተባለ። ቀነዓ አስፋልቱ ተለቀቀለት፣ ጉዲናም እንጀራው ተረፈለት። እንባው መጣ፤ አላፈረበትም። ማታ ሰንበቴ «ምን ተወሰነ?» ስትለው አንድ በአንድ ሊነግራት ነው።

«እንግዲህ ሐጂ ይመርቁንና እንሂድ» አለች ፍቅርአዲስ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሐጂም ሳቁ።

«የተስማማንበትን ያጽናልን!»

«አሜን!»

«ፍቅራችንን ያብዛልን!»

«አሜን!»

ሐጂ አንድ ድምፅ ጎደለባቸው። ጉዲና እጁን ዘርግቷል፤ አፉን ግን ገጥሟል።

«አንተስ፣ ጉዲና?»

«ይቀጥሉ፣ ሐጂ። እየሰማሁ ነው።»

ሐጂ ፈገግ ብለው እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የጋሪ ፈረሶቻችንን ጉልበት ያበርታልን!»

ጉዲና እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ «አሜን!» አለ።