ነጩ ወተት

አባቷ እንጉዳይ ለቃሚ ነው፣ ግን ዝም ብሎ ለቃሚ እንዳይመስላችሁ፣ ጫካውን እንደ ጓዳው ነው የሚያውቀው። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ አምና ጉንፋን ብጤ ጥሎት ሲነሳ ምላሱ ሞቶ ቀረ፤ በቃ ጨውና ስኳር አይለይም፣ በርበሬም አያቃጥለውም። ይሄን የምታውቀው ልጁ ብቻ ናት፣ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ምላስ ማለት ሁሉ ነገር ነው። ወተት ያለው እንጉዳይ ሲቆረጥ ጠብ ጠብ ይላል፤ ወተቱ ብርቱካንማ ከሆነ ዓይን ይበቃል። ነጭ ከሆነ ግን ቁርጥ መንታ የሚመስሉ ሁለት አሉ፣ አንዱ የሚበላ፣ አንዱ ሆድ የሚገለብጥ። ጠብታውን ምላስ ላይ አድርገው እንትፍ ይላሉ፤ የማይበላው ይፋጃል። እስከ ዛሬ እሷ እየቀመሰች፣ ከፈጃት እጅጌውን ጎተት ታደርገዋለች፣ ማንም አያይም።

ዛሬ ግን የገበያው ፈቃድ እድሳት ፈተና ነው። ከወደቀ ጫካው አበቃለት፣ እቤት ቁጭ ነው። ፈታኟም ገና ከበሩ፣ «ልጅቷ ውጪ ትጠብቅ» አለች። በመስታወቱ ታያለች፣ ድምፁም በበሩ ስር ይሰማታል።

«አባባ፣ እኔንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ለወጉ ያህል ነው» አለች ፈታኟ፣ አንድ ባለ ነጭ ወተት እንጉዳይ ቆርጣ እየሰጠችው።

አባቷ ጠብታውን በምላሱ ነካ አደረገ፣ እንትፍ አለ። «የሚበላ ነው።»

ፈታኟ ራሷ ቀመሰችው፤ ፊቷ ጭምድድ አለ፣ ቶሎ ብላ ውሃ ተጎነጨች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እስቲ ደግመው ይቅመሱት፣ አይቸኩሉ» አለችው።

ልጅቷ መስታወቱ ላይ ልትለጠፍ ምንም አልቀራት፣ ግን አባቷ ጀርባውን ነው የሰጣት። እሱ ደግሞ አሁን ምላሱ ላይ አቆየው፣ አጣጣመው ሁሉ። «ኧረ እንዲያውም ይጣፍጣል፣ የኔ ልጅ» አለ።

ፈታኟ ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ መለሰችው።

ውጪ ሲወጣ ባዶ እጁን ነው። ደረጃው ላይ ቆም ብሎ፣ «ሚጡ፣ የቱ ነበር?» አላት።

«የሚፋጀው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ያው ነው አባዬ። አልቀየረችውም።»

አፉን በመሐረብ ጠራረገ፣ ከንፈሩ አባብጦ ቀልቷል፣ እሱ ግን አላወቀም።

«ትንሽ እንኳ ፈጀት ቢያደርገኝ ምናለ» አለ።